በሰሜን አየርላንድ ያለ ፍርድ ስለ ማሰር

መንግሥት ሽብርን ለመከላከል በሚነሣበት ጊዜ የሰውን መብት እስከ ምን ድረስ ሊነካ ይችላል የሚለው ጥያቄ የሕግ ተማሪዎች ብቻ የሚከራከሩበት ነገር አይደለም፤ ብዙ አገሮች በገዛ ሥጋቸው ላይ ሞክረውታል። ከነዚህም መካከል የብሪታንያ መንግሥት ከ1971 እስከ 1975 በሰሜን አየርላንድ ሰዎችን ያለ ፍርድ እያሰረ ያደረገውን ሙከራ መርጠን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይህን የመረጥነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ነገሩ የተፈጸመው ማንም ሰው ያለ ሕግ አይታሰርም የሚለውን ደንብ ከጥንት ጀምሮ መኩሪያው ባደረገ መንግሥት እጅ ነው። ሁለተኛም፣ ምስጢራዊው ወረቀት ከጊዜ በኋላ ስለ ተከፈተና ፍርድ ቤቶችም ደጋግመው ስለ መረመሩት፣ በዚያን ጊዜ ከተባለው ይልቅ በእርግጥ የተደረገውን ለማወቅ ተችሏል።

አየርላንድ በ1921 ለሁለት ስትከፈል ስድስቱ የሰሜን አውራጃዎች የራሳቸውን ምክር ቤት አቁመው በብሪታንያ ሥር ቀሩ። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ አንድ ሦስተኛው ካቶሊክ ሲሆን፣ ሥልጣኑ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ ፓርቲ እጅ ሳይወጣ ኖረ። ካቶሊኮቹ በቤት ድልድል፣ በሥራ ቅጥርና በምርጫ ወረዳ አከፋፈል እንበደላለን እያሉ ሲያመለክቱ ኖረው በ1968 በሰልፍ ወደ አደባባይ ወጡ። በሚከተለው ዓመት ሁከቱ ከፖሊስ አቅም በላይ ስለ ሆነ የብሪታንያ ጦር ገባ። ወዲያውም የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር የተባለው ምስጢራዊ ማኅበር ለሁለት ተከፍሎ፣ ብርቱው ወገን ቦምብ ማፈንዳትና ወታደር መግደል ጀመረ። መንግሥት ዝም ብሎ ሊያይ አይችልም ነበር፤ ይህን አስቀድመን መናገር ይገባናል። በገበያ ቦታ በቦምብ የሚሞተውም ሰው መብት አለውና።

በዚያ አገር ልዩ ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። በ1922 ለአንድ ዓመት ብቻ ተብሎ የወጣው ይህ ሕግ ሲታደስ ቆይቶ በ1933 የዘወትር ሆኖ ቀረ። ሚኒስትሩ የጠረጠረውን ሰው ክስ ሳያቀርብ ለማሰር፣ ሰልፍ ለመከልከል፣ ቤት ለመበርበር ይችል ነበር። በ1963 የደቡብ አፍሪቃ የፍርድ ሚኒስትር የነበረው ፎርስተር የራሱን ጨካኝ ሕግ በምክር ቤት ሲያቀርብ፣ ከሰሜን አየርላንድ ሕግ አንዷን አንቀጽ ብቻ ቢያገኝ የእርሱን ሕግ ሁሉ ሊለውጥባት እንደሚወድ ተናግሮ ነበር። ምስጋናው ከማን እንደ መጣ ማስተዋል ነው።

በማርች 1971 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ብራያን ፎክነር ይህን ሥልጣን ለመጠቀም ቈረጠ። አንድ የቀድሞ ምሳሌ አታለለው ለማለት ይቻላል። ከ1956 እስከ 1962 በድንበሩ አካባቢ በተደረገው ዐመፅ ጊዜ የሰሜኑም የደቡቡም መንግሥት ሰዎችን ያለ ፍርድ አስረው፣ ዐመፁም ከስሞ ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ዐመፀኞቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከሕዝቡም ድጋፍ አላገኙም፤ ሁለቱም መንግሥታት በአንድነት ሠርተዋል። በ1971 ከነዚህ ከሦስቱ አንዱም አልነበረም። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ቱዞ ራሱ በነገሩ አላመነበትም፤ የለንደን መንግሥት ግን ፈቀደ።

ኦገስት 9 ቀን 1971 ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ወታደሮች በር እየሰበሩ ገብተው 342 ሰዎች ያዙ። የስማቸውን ዝርዝር ያዘጋጀው የፖሊሱ ምስጢር ክፍል ሲሆን፣ ዝርዝሩ ያረጀ ነበር። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ ስም የሚፍቀው ካልተገኘ ከፋይል ወደ ፋይል እየተገለበጠ ይኖራል፤ ጸሐፊው ጡረታ ቢወጣ ወረቀቱ ጡረታ አይወጣም። ስለዚህ ከተያዙት መካከል በቀድሞው ዘመን ተዋግተው ከተዉ ብዙ ዓመት የሆናቸው ሽማግሌዎች፣ ከሰልፍ በቀር ሌላ ትግል የማያውቁ የመብት ተከራካሪዎች፣ በስም መመሳሰል ብቻ የተያዙም ነበሩበት። እውነተኞቹ ታጣቂዎች ግን ወሬውን አስቀድመው ሰምተው ስለ ነበረ አብዛኞቹ በየቤታቸው አልተገኙም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ከተያዙት ከመቶ የሚበልጡት በሁለት ቀን ውስጥ ተለቀቁ።

ከዚህም የባሰ ሌላ ስሕተት ተደረገ። ከፕሮቴስታንቶቹም ወገን ከ1966 ጀምሮ ሰው የገደሉ ቡድኖች ሳሉ፣ በዚያች ሌሊት ከነርሱ ወገን የተያዘ ታጣቂ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ የታሰሩት በ1973 ነው። ሥራው በዲሴምበር 1975 እስኪያበቃ ድረስ ከታሰሩት 1,981 ሰዎች መካከል ከዚያ ወገን የነበሩት 107 ብቻ ናቸው። በአንድ ወገን ላይ ብቻ የሚሠራ ሕግ፣ በዚያ ወገን ዓይን ሲታይ ከጠላት መሣሪያ አይለይም።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ሰዎቹ በተያዙባቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ባሊመርፊ በተባለው የቤልፋስት ሰፈር አሥር ሰዎች ተገደሉ፤ አንድ ቄስና የብዙ ልጆች እናት የሆነች ሴት ከመካከላቸው ነበሩ። ዳኛዋ ነገሩን መርምራ አሥሩም ፍጹም ንጹሓን እንደ ነበሩ የተናገረችው በሜይ 2021፣ ማለት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። ወደ 7,000 ያህል ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያ ዓመት ከኦገስት በፊት በነበሩት ሰባት ወራት በሁከቱ የሞተው ሰው ወደ 30 ያህል ሲሆን፣ በቀሩት ወራት ግን 140 ያህል ሰው ሞተ። ያለ ፍርድ መታሰርን ለመቃወም ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 በዴሪ ከተማ በተደረገው ሰልፍ ላይ ወታደሮች ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፤ አንድ ቁስለኛም በኋላ ሞተ። በዚያው ዓመት የሟቹ ቍጥር ከ470 በላይ ሆነ። ከነርሱም መካከል ብዙዎቹ የሪፐብሊካኑ ጦር የገደላቸው ናቸው፤ በጁላይ 21 ቀን ብቻ በቤልፋስት ከሃያ የሚበልጡ ቦምቦች አፈንድቶ ዘጠኝ ሰው ፈጅቷል። እስሩ ሽብርን ያስቀራል ተብሎ ነበር የተጀመረው፤ ለሽብረኞቹ ግን ምልምል አቀረበላቸው። የስቶርሞንቱ ምክር ቤትም በማርች 1972 ታገደ።

ከታሰሩት መካከል 12ቱ በኦገስት፣ 2ቱ ደግሞ በኦክቶበር ተለይተው ወደ ምስጢር ስፍራ ተወሰዱ። ስፍራው ባሊኬሊ የተባለው የጦር አየር ማረፊያ እንደ ነበረ የተገለጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዚያም አምስት ነገር ተደረገባቸው። ራሳቸውን በጥቁር ከረጢት ሸፈኗቸው፤ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ግድግዳ ተደግፈው ለብዙ ሰዓታት እንዲቆሙ አስገደዷቸው፤ የማያቋርጥ ብርቱ ፉጨት አሰሟቸው፤ እንቅልፍ ነሷቸው፤ ከምግብና ከውሃም አጐደሉባቸው። ይህ ጥበብ በሰሜን አየርላንድ የተፈጠረ አልነበረም፤ በኬንያ፣ በቆጵሮስ፣ በማላያ፣ በአደንና በሌሎችም ግዛቶች ሲሠራበት የኖረ ነው። በቅኝ ግዛት ሰው ላይ የተለመደው ነገር ቤት ድረስ ተከትሎ መጣ። በዚህ ላይ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያስደንቀን አንድ ነገር አለ፤ ስለ አምስቱ ነገሮች አንድም የጽሑፍ ትእዛዝ አልነበረም። በኤፕሪል 1971 ለፖሊሶቹ በቃል ብቻ ተሰጠ፤ በማንኛውም ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ሊፈርምበት የደፈረ ሰው እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ መንግሥት በሰር ኤድመንድ ኮምፕተን የሚመራ መርማሪ ጉባኤ አቆመ። ጉባኤው በኖቬምበር 1971 በሰጠው ቃል በእስረኞቹ ላይ በደል ደርሷል፣ ነገር ግን ጭካኔ አልተፈጸመም አለ፤ ጨካኝ የሚባለው በተበዳዩ ሥቃይ የሚደሰት ወይም ለሥቃዩ ግድ የሌለው ሰው ነውና። በዚህ ፍቺ መሠረት እያዘነ የሚያሠቃይ ሰው ነጻ ይወጣል ማለት ነው። በሁለተኛው ጉባኤ ላይ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ጥንቃቄ ከተደረገ ዘዴዎቹ ሊፈቀዱ ይችላሉ ሲሉ፣ ሦስተኛው ሎርድ ጋርዲነር ግን በሕግም የተከለከሉ በሕሊናም የማይደገፉ ናቸው ብሎ ብቻውን ጻፈ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሂዝ ማርች 2 ቀን 1972 የብቸኛውን ሰው አሳብ ተቀብሎ ዘዴዎቹ ከእንግዲህ እንደማይሠራባቸው ለምክር ቤቱ ተናገረ። በጉባኤ ላይ ተቀምጦ በድምፅ የሚሸነፍ ሰው ድካሙ ሁልጊዜ ከንቱ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

የአየርላንድ መንግሥት ግን በዚህ ሳይረካ በዲሴምበር 1971 ብሪታንያን በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ድርጅት ፊት ከሷት ነበር። አገሮቹ በ1950 በሮማ የፈረሙት ስምምነት በ15ኛው አንቀጹ፣ የአገር ህልውና በሚያሠጋ አደጋ ጊዜ መንግሥት አንዳንድ መብቶችን ለጊዜው ሊገድብ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ያለ ፍርድ አለመታሰርም ከሚገደቡት አንዱ ነው። ፍርድ ቤቱ በ1961 በሰጠው ፍርድ በዚሁ አንቀጽ መሠረት ለአየርላንድ መንግሥት ፈርዶ ነበር፤ ከሳሹም በ1957 ያለ ፍርድ የታሰረ ሎውለስ የሚባል ሰው ነበር። በ3ኛው አንቀጽ ላይ ግን ሥቃይና ኢሰብአዊ አያያዝ ተከልክሏል፤ ጦርነት ቢሆን፣ ሽብር ቢሆን አይገደብም። ኮሚሲዮኑ በ1976 አምስቱን ዘዴዎች ሥቃይ ናቸው አላቸው። ፍርድ ቤቱ ጃንዋሪ 18 ቀን 1978 በሰጠው ፍርድ እስሩን በአደጋው ምክንያት አልነቀፈም፤ ዘዴዎቹንም ኢሰብአዊና አዋራጅ ናቸው ሲል፣ ሥቃይ እስከ መባል አይደርሱም አለ። ይህች አንዲት ቃል ብዙ መዘዝ አመጣች። በኦገስት 2002 የአሜሪካ የፍርድ ሚኒስቴር የሕግ ሰዎች ለምርመራ የሚፈቀደውን ለማስፋት በጻፉት ማስታወሻ ላይ ይህን ፍርድ ጠቅሰዋል። የብሪታንያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2021 እንዲህ ያለው አያያዝ በዛሬው መለኪያ ሥቃይ እንደሚባል ገልጿል፤ ፖሊሱም በ2023 ከሰዎቹ ይቅርታ ጠየቀ። ያን ጊዜ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ሞተው ነበር።

በእንግሊዝ አገር በራሱ የሆነውን ባጭሩ እናልፈዋለን። ኖቬምበር 21 ቀን 1974 በበርሚንግሃም ሁለት መጠጥ ቤቶች በቦምብ ፈንድተው 21 ሰው ሞተ። በስምንት ቀን ውስጥ ተጠርጣሪን ያለ ክስ እስከ ሰባት ቀን ለማቆየት የሚያስችል ሕግ ወጣ። ከተያዙት ስድስት አየርላንዳውያን አራቱ ቃላቸውን የሰጡት በዱላ ነበር፤ በእጃቸው ላይ ተገኘ የተባለውም የፈንጂ ምልክት ከመጫወቻ ካርታ ሊመጣ እንደሚችል በኋላ ታወቀ። በ1980 ፖሊሶቹን ለመክሰስ ሲሞክሩ፣ ሎርድ ዴኒንግ ክሱን ያልተቀበለበት ምክንያት ፖሊስ ዋሽቷል ማለት እጅግ የሚያስፈራ ነገር ይሆናል የሚል ነው። በማርች 1991 ነጻ ወጡ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ታስረው። ለነዚያ ለ21ዱ ሰዎች ሞት ግን እውነተኛው ገዳይ እስከ ዛሬ አልተፈረደበትም።

የመጨረሻው ነገር ፊርማ ነው። በ1972 በወጣው ደንብ መሠረት ሰውን ያለ ፍርድ ለማሰር ጉዳዩን ሚኒስትሩ ራሱ ማየት ነበረበት። በጁላይ 1973 ጄሪ አዳምስ የታሰረበትን ወረቀት የፈረመው ግን የበታቹ ባለ ሥልጣን ነው። በ1974 አንድ የመንግሥት የሕግ አማካሪ ይህን አይቶ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር፤ ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሚበልጥ ተቀምጦ ኖረ። አዳምስ ከእስር ቤት ሊያመልጥ ሞክሯል ተብሎ የተፈረደበትን ፍርድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሜይ 13 ቀን 2020 በዚሁ ምክንያት ሰረዘው፤ እስሩ ሕጋዊ አልነበረምና ማምለጡም ወንጀል ሊሆን አይችልም። የብሪታንያ ምክር ቤት በ2023 ያን ፊርማ ወደ ኋላ ተመልሶ ሕጋዊ የሚያደርግ አንቀጽ አወጣ፤ የቤልፋስቱ ፍርድ ቤትም በፌብሩዋሪ 2024 አንቀጹ ከሰብአዊ መብት ስምምነቱ ጋር አይስማማም ብሎ ፈረደ።