ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ማኅበር ታሪክና ስለ ስሙ

በጣና ዳር በባሕር ዳር ከተማ ፔዳ የሚባል ሠፈር አለ። ሠፈሩ ይህን ስም ያገኘው በ1965 ዓመተ ምሕረት ገደማ መምህራንን ለማሠልጠን በዚያ ከተከፈተው ከፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ትምህርት ቤቱ ኋላ የመምህራን ኮሌጅ ተባለ፤ በ1992 ዓመተ ምሕረትም ከፖሊ ቴክኒኩ ጋራ ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በመዝገብ ያለው ስም እንዲህ ሲለዋወጥ፥ ነጋዴውና ተማሪው፥ ባጃጅ ነጂውም ሳይቀር፥ ፔዳ ማለትን አልተወም። ከዚህ እንደሚታየው ስም የሚጻፈው በጽሕፈት ቤት ቢሆንም የሚኖረው በሕዝብ አፍ ነው። ይህንኑ ነገር አብልጦ የሚያስረዳ ታሪክ በአዲስ አበባ ይገኛል፤ ይኸውም የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ማኅበር ታሪክ ነው።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1928 ዓመተ ምሕረት፥ የኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረበት ዓመት ነው። መሥራቾቹም አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ የአራዳ ወጣቶች ነበሩ። የሠፈሩ ደብር የሚጠራበትን ስም ለማኅበራቸው ሰጡት። ይህም ስም በኢትዮጵያውያን ዘንድ ቀላል አልነበረም፤ ስለ ምን ቢሉ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት የዐድዋ ድል የተገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነበረና።

ጠላት በሚያዝያ 1928 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን ማኅበሩ በቀድሞ ስሙ እንዲጠራ አልተፈቀደለትም። ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ፤ ሊቶሪዮ የሚለውም ቃል ከፋሺስቶች ዓርማ ጋራ የተያያዘ ነው። የዘር መለያየት ሕግ ስለ ነበረም ኢትዮጵያዊ ከነጭ ጋራ በአንድ ሜዳ ሊጋጠም አይችልም ነበር። እንግዲህ በዐምስቱ ዓመት ልጆቹ ጨዋታውን አልተዉም፤ የተነጠቁት ስማቸውን ነው።

ነፃነት በ1933 ዓመተ ምሕረት ሲመለስ ስሙም አብሮ ተመለሰ። በ1936 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ ዐምስት ቡድኖች ተሰለፉ፤ እነርሱም የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ የኢጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፥ የአርመኖቹ አራራት፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። ያሸነፈው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ነገር ግን ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በሕግ ተከልክሎ የነበረው ኢትዮጵያዊ በገዛ ስሙ፥ በዚያው ሜዳ ከኢጣሊያኑ እኩል መቆሙ ከዋንጫው የሚበልጥ ነገር ነበረ። ዋንጫውንም ቢሆን ማኅበሩ በ1942 ዓመተ ምሕረት ወሰደ።

ከዚህ ማኅበር ከወጡት ሰዎች ሁሉ ስማቸው የገነነው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። እኒህ ሰው የታወቁት ባለ ቅኔ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ሲሆኑ በልጅነታቸው ቅዱስ ጊዮርጊስን ገብተው ብዙ ዘመን ተጫወቱለት። በ1954 ዓመተ ምሕረት ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ከ1964 እስከ 1979 ዓመተ ምሕረት ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሠሩ፥ ዘርን የሚለየው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ቡድን ወደ ውድድር እንዳይገባ አጥብቀው ተከራከሩ። በወጣትነታቸው ያዩትን የሜዳ መለያየት በሹመታቸው ጊዜ አልረሱትም ማለት ይቻላል።

ስሙ ሁለተኛ የጠፋው በደርግ ዘመን ነው። የስፖርት ማኅበራት በየመሥሪያ ቤቱ እንዲደራጁ ሲታዘዝ ቅዱስ ጊዮርጊስ የቢራ ፋብሪካ ቡድን ተባለ፤ በዚያም ስም የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ደጋፊው ግን ማንን እንደሚደግፍ ያውቅ ነበር። ኋላም የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት። ያለ ደመወዝ በሠፈር ልጆች የተጀመረው ማኅበር ዛሬ ደመወዝተኞች ተጫዋቾች ያሉት ሆኗል፤ በ2009 ዓመተ ምሕረትም ከአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ የምድብ ውድድር በመድረስ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆነ።

ከዚያ ዓመት በፊት፥ በመጋቢት 2008 ዓመተ ምሕረት፥ የአፍሪካ ሻምፒዮን የነበረውን የኮንጎውን ቲፒ ማዜምቤን በባሕር ዳር ስታዲየም ተቀብሎ 2 ለ 2 ተለያይቶ ነበር። ባሕር ዳርም ከዚህ ስም ጋራ አዲስ ትውውቅ የላትም፤ በሐይቁ አጠገብ ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ቀድሞ ባሕር ጊዮርጊስ ትባል ነበርና። የከተማይቱ የራስዋ ቡድን በ2010 ዓመተ ምሕረት ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ለማደግ በቃ፤ በ2015 ዓመተ ምሕረትም ቅዱስ ጊዮርጊስ አንደኛ ሲሆን እርሱ ሁለተኛ ወጣ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ቢሆንም የሚጠራው ሰው ከሌለ ስም ብቻውን አይውልም። የአራዳ ልጆች ማኅበር ሁለት ጊዜ ስሙን ተነጥቆ ሁለት ጊዜ ያገኘው፥ የሚወዱት ሰዎች በክፉው ዘመን ስለ ጠበቁለት ነው። በከተማው ስም የሚጫወተው የባሕር ዳር ወጣትም የተቀበለው አደራ ይኸው መሆኑን ልብ ይበል።