የሚጥል በሽታና ጭንቀት፤ ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

እኛ «የሚጥል በሽታ» የምንለውን ሕመም የጥንት ግሪኮች «ቅዱስ በሽታ» ይሉት ነበር። የእኛው ስም ዓይን ያየውን መውደቅ ይጠቅሳል፤ የግሪኩ ሌላ ስም ደግሞ መያዝን ያመለክታል፤ ሰውየውን አንድ አምላክ እንደያዘው ይታሰብ ነበርና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ የተጻፈውና በሂፖክራትስ ስም የሚጠራው ድርሳን ይህን እምነት በመቃወም የሕመሙ ምንጭ አንጎል መሆኑን ያስረዳል። እኛን መምህራንን ይበልጥ የሚያስገርመን ግን በዚያው ድርሳን የሰፈረ አንድ ትዝብት ነው። ሕመሙን የለመደ ሰው ሊነሣበት መሆኑን ሲያውቅ ከሰው ይሸሻል፤ ቤቱ ቅርብ ከሆነ ወደ ቤቱ፣ አለዚያም ጭር ወዳለ ሥፍራ ሄዶ ይከናነባል። ይህን የሚያደርገው አምላክን ፈርቶ ሳይሆን አፍሮ ነው ይላል ጸሐፊው። ሕፃናት ግን ማፈርን ገና ስላልተማሩ ፈርተው ወደ እናታቸው ይሮጣሉ። ኀፍረት ከሰው የሚማሩት ነገር መሆኑ ያኔም ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። የለንደኑ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ሕመሙ በአንጎል ውስጥ ድንገት የሚነሣና ከልክ ያለፈ ፍንዳታ መሆኑን ገለጸ። አንዳንድ ሕመምተኞች ከመውደቃቸው በፊት የሚይዛቸው ፍርሃትም መውደቅን መፍራት ሳይሆን ራሱ የሕመሙ መጀመሪያ መሆኑን አስተዋለ። በ20ኛው መቶ ዓመት የሞንትሪያሉ ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ፣ ሕመምተኛው ነቅቶ ሳለ በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል በኤሌክትሪክ ሲነካ፣ አንዳንዶቹ ምንም የሚያስፈራ ነገር ሳይኖር ፍርሃት ተሰማቸው።

እንግዲህ ፍርሃቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን አንጎል ይወልደዋል፤ ሌላውን የሰው ዓይንና «መቼ ይነሣብኝ ይሆን?» የሚለው ጥበቃ። ሁለተኛው እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅሳል።

በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ ሕመሙ እንዳለበት ታውቋል። ሕመሙ ሲነሣ በመንካት ይተላለፋል የሚለው እምነት በገጠር የተስፋፋ ስለነበር የወደቀን ሰው የሚያነሣው ጥቂት ነው። በትምህርት ቤትም ተማሪው ሲነቃ ጓደኞቹ ርቀው ቆመው ያያቸዋል፤ በማግሥቱ የሚቀረው በመውደቁ ሳይሆን በዚህ ነው። ሕመሙ አይተላለፍም። የክብሪት ጭስ ማሽተትም አያቆመውም። በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለማስገባት፣ እስኪነቃ አብሮት መቆየት ነው፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።