ተደራራቢው ሃርድ ዲስክ፤ ለጎተራ ወይስ ለጓዳ?

ለቡ በሚገኘው ቤቴ፣ ከሳሎኑ ጥግ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። የቤተ ዘመድ ሠርግ ቪዲዮ፣ የሟች እናቴ ፎቶግራፎች፣ ለዓመታት ስካን ያደረግኋቸው የነጋሪት ጋዜጣ ገጾች ሁሉ በእሱ ውስጥ በ4 ሃርድ ዲስኮች ተከማችተዋል። የቤት ሰርቨር የሚባለው ይኸው ነው። ባለፈው ክረምት ከ4ቱ አንዱ ሞተና ምትክ ገዛሁ። በሰዓታት ያልቃል ያልኩት የመልሶ ማደራጀት ሥራ ከሳምንት በላይ ፈጀ። በዚያ መሐል መብራት በጠፋ ቁጥር ዩፒኤሱ ሲጮህ እኔም አብሬ እነቃ ነበር። ከቀሩት 3 ዲስኮች አንዱ በዚያ ሳምንት ቢሞት ኖሮ ሁሉም ነገር አብሮ በሄደ ነበር። የገዛሁት ዲስክ ብልሽት አልነበረበትም፤ ዓይነቱ ለዚያ ሥራ የሚሆን አልነበረም እንጂ። ይህን ደግሞ ሻጩም ካርቶኑም አልነገሩኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃርድ ዲስክ መረጃ የሚጽፈው በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ፣ እጅግ ቀጫጭን በሆኑ መስመሮች ነው። በተለመደው አሠራር (ሲ ኤም አር) መስመሮቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በተደራራቢው አሠራር (ኤስ ኤም አር) ግን አንዱ መስመር የሌላውን ጠርዝ ይሸፍናል፤ ልክ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ። የሚጽፈው የዲስኩ ክፍል ሰፊ፣ የሚያነበው ግን ጠባብ በመሆኑ ሳይሸፈን የቀረችው ጠርዝ ለማንበብ ትበቃለች። በዚህም በዚያው ሰሌዳ ላይ ብዙ መረጃ ይገባል፤ አምራቹም በአነስተኛ ወጪ ብዙ ቴራባይት ያገኛል።

ችግሩም የቆርቆሮ ጣሪያ ችግር ነው። ከመሐል አንዱን ለመለወጥ በላዩ የተደረበውን መንቀል ግድ ይላል። ዲስኩም ጥቂት ለማረም ብሎ ብዙውን ጊዜ 256 ሜጋባይት የሚያህል ክፍል አንብቦ እንደገና ይጽፋል። ይህን ለማቃለል አዲሱን መረጃ በጊዜያዊ ማቆያ ያሳርፍና ሥራ ሲፈታ ወደ ቦታው ያደርሰዋል። መረጃው ያለ ዕረፍት ከጎረፈና ማቆያው ከሞላ ግን ፍጥነቱ ክፉኛ ይወድቃል።

ታዲያ ዕቃው መጥፎ ነው? አይደለም። ጎተራና ጓዳ አንድ አይደሉም። ጎተራ አንዴ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ጓዳ በየሰዓቱ ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ሲጌት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ባለ 8 ቴራባይት ተደራራቢ ዲስክ «አርካይቭ» መባሉ ለዚህ ነው። ድሮፕቦክስም ከ2018 ጀምሮ የደንበኞቹን ፋይሎች በዚህ ዓይነት ዲስክ ላይ በብዛት አከማችቷል፤ ሶፍትዌሩን ግን ለዲስኩ ጠባይ አስማምቶ ነው። በቤትም አንዴ ተጽፎ ደጋግሞ ለሚታይ ፊልምና ፎቶግራፍ፣ ለመጠባበቂያ ቅጂም ይሆናል። ፋይሉን ከፋፍሎ መገልበጥና ከዚያም ዲስኩ ሥራውን እንዲጨርስ ለጥቂት ሰዓታት ሳያጠፉ መተው ይበጃል። ዲስኮችን አጣምሮ ለሚሠራው ሬይድ ግን አይመከርም። ሰርቭ ዘ ሆም የተባለው ድረ ገጽ በ2020 ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮችን በዜድ ኤፍ ኤስ ሥርዓት ሲፈትን፣ የተለመዱት አንድ ቀን ሳይሞላ የጨረሱትን መልሶ ማደራጀት ተደራራቢው የጨረሰው ከ9 ቀናት በላይ ወስዶ ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ዌስተርን ዲጂታል ለቤት ሰርቨር ብሎ በሚሸጣቸው፣ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት በሚይዙ አንዳንድ የሬድ ዲስኮች ተደራራቢውን አሠራር ለገዢ ሳይገልጽ መጠቀሙ ታወቀ። ኩባንያው በኋላ ዝርዝሩን አውጥቶ የተለመዱትን «ሬድ ፕላስ» በሚል ስም ለያቸው። በአሜሪካ የቀረበበት የሸማቾች የጋራ ክስም በስምምነት አለቀ።

በእኛስ ሕግ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር ለመስማማቱና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ የሌለው ዕቃም ጉድለት እንዳለበት ይቆጠራል። ገዢ በበኩሉ ዕቃውን መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጭ ማስታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ ሕግ የተማርኩት ሰውዬ ራሴን ታዘብኩ። ለሻጩ ያልኩት «ባለ 4 ቴራባይት ስጠኝ» ብቻ ነው፤ ለምን እንደምፈልገው አልነገርኩትም። ደረሰኙም «ሃርድ ዲስክ 1» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። በዚህ ማስረጃ ማንን እከሳለሁ?

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ይዘው ከአምራቹ ሰነድ ሲ ኤም አር ወይም ኤስ ኤም አር መሆኑን ያረጋግጡ። «ለሰርቨር፣ ለሬይድ ነው» ብለው ለሻጩ ይንገሩት። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉንና አገልግሎቱን ያስጽፉ። ዓይነቱ የትኛውም ቢሆን ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ ቢቻል በሌላ ቤት ያኑሩ። የእናት ፎቶግራፍ ሲጠፋ በካሳ አይመለስምና።