የተረሳ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ መልሶ ማግኘት

የተረሳ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ መልሶ ማግኘት ማለት ፕሮግራም የመጫን፣ ቅንብር የመለወጥና ሌሎች ተጠቃሚዎችን የማስተዳደር ሥልጣን ያለውን አካውንት ባለቤቱ እንደገና የሚከፍትበት ሥራ ነው። ይህ መጣጥፍ በዊንዶውስ ላይ ያተኩራል፤ የሚመለከተውም ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘውን የራያ ቆቦዋን ሮቢት (ሸዋ ሮቢት ሌላ ናት) እና መሰል ከተሞችን ነው። በእነዚህ ከተሞች ትልቁ እንቅፋት ብዙ ጊዜ ፓስወርዱ ሳይሆን ኔትወርኩ ነው።

ዊንዶውስ ፓስወርዱን እንደተጻፈ አያስቀምጥም። በሒሳብ ቀመር ለውጦ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል ኮድ መልክ ሳም በተባለ ፋይል ውስጥ ያኖረዋል። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው አሮጌውን ፓስወርድ ማየት ሳይሆን በአዲስ መተካት ነው።

ከዚያ በፊት ግን በእርጋታ ማስታወስ ይቀድማል። እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ የአማርኛ መጻፊያዎች የሚሠሩት ኮምፒውተሩ ከተከፈተ በኋላ በመሆኑ፣ መግቢያው ላይ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ፓስወርዱ የከተማ ስም ከያዘ፣ ለምሳሌ ቆቦን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። የልደት ዓመትም እንዲሁ ነው፤ በ1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር 1992 ወይም 1993 ብሎ አስገብቶ ይሆናል። ካፕስ ሎክ መጥፋቱንም ማየት ያስፈልጋል።

ማስታወስ ካልተቻለ ቀጣዩ ጥያቄ የአካውንቱ ዓይነት ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የተፈጠረ አካውንት ከሆነ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ የዊንዶውስ 10 እትሞች ሲፈጠር የተሞሉትን ሦስት የደኅንነት ጥያቄዎች ጠይቀው አዲስ ፓስወርድ ያስቀይራሉ። በኮምፒውተሩ ላይ ሌላ አስተዳዳሪ ካለም መቀየር ይችላል፤ ሆኖም በዊንዶውስ የተመሰጠሩ የግል ፋይሎች በዚህ መንገድ ሊጠፉ ይችላሉ።

የማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ ፓስወርዱ በየትኛውም ስልክ በኢንተርኔት ይቀየራል። ማረጋገጫ ኮድ የሚላከው ቀድሞ ወደተመዘገበው ስልክ ወይም ኢሜይል ነው፤ ሁሉም ጠፍተው በአዲስ ይተኩ ከተባለ 30 ቀን መጠበቅ ግድ ይላል። ኮምፒውተሩም አዲሱን ፓስወርድ እንዲቀበል ራሱ ከኢንተርኔት መገናኘት አለበት። እዚህ ላይ ነው የሮቢት ሰው የሚቸገረው። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ መፍትሔ አይሠራም።

ኔትወርክ የማይፈልገው አስተማማኝ መንገድ የፓስወርድ ማደሻ ፍላሽ ነው። ለኮምፒውተሩ የራሱ አካውንት ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚዘጋጀው ፓስወርዱ ሳይረሳ ነው፤ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ፓስወርዱ ደጋግሞ ቢቀየር እንኳ ያገለግላል። ፍላሹን ያገኘ ሰው ሁሉ ስለሚከፍትበት ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ መቀመጥ የለበትም።

ጥገና ቤት ሲኬድ ቶሎ የሚሰማው መፍትሔ ፎርማት ነው። የሠርግ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ የሚጠፋው ያኔ ነው፤ መቻኮል አይገባም። ዲስኩ ካልተመሰጠረ ከማሽኑ አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ፋይሎቹን አስቀድሞ መቅዳት ይቻላል። ቢትሎከር በተባለው መቆለፊያ የተመሰጠረ ከሆነ ግን ባለ 48 አሃዙ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ የትኛውም ባለሙያ ፋይሉን ማንበብ አይችልም። ይህን ቁልፍ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ይበጃል።

እነዚህ ዘዴዎች ለባለቤቱ እንጂ ለሌላ ሰው ኮምፒውተር የተፈቀዱ አይደሉም። ጠጋኙ የባለቤትነት ማስረጃ ቢጠይቅ ቅር ሊያሰኝ አይገባም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላን ሰው ኮምፒውተር መክፈትን በእስራት ወይም በገንዘብ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል።