የታይላንድ አረቄ፤ ስለ እጥረቱና ስለ ስሞቹ መለዋወጥ

በታይላንድ አረቄ ማውጣት ለብዙ ዘመን የመንግሥት ገቢ ምንጭ እንጂ የገበሬ መብት ሆኖ አልታየም። በቀድሞው የሲያም ሥርዓት የአረቄን ግብር በአብዛኛው ቻይናውያን ነጋዴዎች ይኮናተሩት ነበር፤ ኋላ ግን መንግሥት ራሱ ያዘው። በባንግኮክ የሚገኘው የባንግ ዪካን ፋብሪካ በ1941 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) «ሜኮንግ» የተባለውን አረቄ አወጣ፤ ስሙም በዚያን ጊዜ ከፈረንሳይ ኢንዶቺና ጋር ወሰን ያከራከረው ወንዝ ነው። በ1977 «ሳንግ ሶም» ተከተለው።

የእጥረት ምክንያቱ ግን የፋብሪካ ማነስ ብቻ አልነበረም። በኮንሴሲዮን ዘመን እያንዳንዱ ኩባንያ ነጭ አረቄውን የሚሸጠው በተሰጠው ክልል ብቻ ስለ ነበር፥ ከክልል ወደ ክልል ማሻገር ያስቀጣ ነበር። ስለዚህ በአንዱ ሥፍራ ሲጎድል ከጎረቤት መሙላት አይቻልም፤ ከሩዙ በስውር የሚያወጣውም ገበሬ ሲያዝ ይቀጣል። ይኸንን አረቄ ሕዝቡ «ላኦ ቱአን»፥ ማለት የዱር አረቄ፥ ይለዋል።

ኮንሴሲዮኑ በ1999 መጨረሻ አበቃ። ከ2003 ወዲህ ከ5 የፈረስ ጉልበት ያነሰ መኪናና ከ7 ያነሱ ሠራተኞች ላሉት የመንደር ማውጫ ፈቃድ ተሰጠ፤ አዳዲስ ስሞችም በጠርሙስ ላይ ታዩ። እንግዲህ የስሞቹ ታሪክ ከጠጪው ምርጫ ይልቅ የፈቃዱን ሕግ ይመሰክራል።