ባቡር ያለፋት ከተማ



ስለ አንድ ከተማ ለማወቅ ስንሻ አስቀድመን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በምን ዓይነት ምድር ላይ ተቀመጠ? ስንት ሰውስ ይኖርበታል? የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን የምድሩ አቀማመጥና የሕዝቡ ቍጥር ብቻቸውን የማይመልሱት ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የከተማውን ዕድል ማን ወሰነው? የሚለው ነው። ለዚህ ምሳሌ ትሆነን ዘንድ በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት የምትገኘውን ኒቆዲሞስ የተባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ታሪክ እናቀርብላችኋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስሟ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሌሊት ወደ ጌታ እየመጣ የተማረውን ኒቆዲሞስን ቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም በሰባተኛው ሰንበት ታስበዋለች። ከተማይቱን ግን አንዳንዶች በዚሁ ሰው ስም ተሰየመች ሲሉ፥ ሌሎች ደግሞ በዘመኑ በዘፈን ይነሣ በነበረ ኒቆዲሞስ በሚባል ባሪያ ስም ተጠራች ይላሉ።

ካንሳስ በአሜሪካ መካከል ላይ የተዘረጋች የሜዳ አገር ናት። ኒቆዲሞስ በሰሜን ምዕራብ ክፍሏ፥ በግራሃም አውራጃ፥ ከሰለሞን ወንዝ ደቡባዊ ቅርንጫፍ በስተ ሰሜን ትገኛለች። ሰፋሪዎች በመጡበት ዘመን ምድሩ ሣር ብቻ የለበሰ፥ ለቤት ምሰሶና ለማገዶ የሚሆን ዛፍ እምብዛም የማይገኝበት ነበር። ዝናቡ አይታመንም፤ የበጋው ሙቀት ያነዳል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ነፋሱ በረዶ እየነዳ ይመጣል።

እንዲህ ባለ ምድር ላይ ሰው ለመስፈር የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ በአሜሪካ ባርነት ተሻረ። በ1877 ግን የፌዴራሉ መንግሥት ወታደሮቹን ከደቡብ የጥበቃ ሥራ ስላነሣ፥ ነጻ የወጡት ጥቁሮች መብታቸውን የሚያስከብርላቸው አጡ። በሌላ በኩል በ1862 የወጣው የርስት ሕግ፥ በምዕራብ በኩል ባለው የመንግሥት መሬት ላይ 5 ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። ይህም 65 ሄክታር ያህል ሲሆን፥ በቀድሞው የአገራችን አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ትናንት እርሱ ራሱ እንደ ንብረት ይሸጥ ለነበረ ሰው የርስት ባለቤት መሆን ምን ያህል ታላቅ ተስፋ እንደ ነበር አንባቢ ይገምተው።

ስለዚህ በ1877 ደብልዩ አር ሂል የተባለ ነጭ የመሬት ነጋዴና ጥቁሩ ደብልዩ ኤች ስሚዝ ከሌሎች ጋር ሆነው የከተማ ማቋቋሚያ ማኅበር መሠረቱ፤ በኬንታኪ ለሚኖሩ ጥቁሮችም የምድሩን ለምነት እያጋነኑ አስነገሩ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሦስት መቶ ያህል ሰዎች በባቡር እስከ ኤሊስ ከተማ መጡ፤ ከዚያም የቀረውን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በእግራቸው ተጓዙ። በሚቀጥለው ዓመት ከመጡት መካከል ዊሊያና ሂክማን የተባለች ሴት፥ ባሏ «ያቻትና ኒቆዲሞስ» ብሎ ሲያሳያት ከመሬት ውስጥ ከሚወጣ ጢስ በቀር ምንም ባለማየቷ እንዳለቀሰች ኋላ ተናግራለች። ሰዉ የሚኖረው መሬት ቈፍሮ በሠራው ጐድጓዳ ቤት ነበርና። ብዙዎች ይህን አይተው ተመለሱ። የቀሩት ኩበትና የሱፍ አገዳ እያነደዱ፥ ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሕንዶች ካካፈሏቸው ሥጋ እየበሉ የመጀመሪያውን የብርድ ወራት አለፉ።

ከዚያም ከተማይቱ አደገች። በ1880ዎቹ ዓመታት አብያተ ክርስቲያናት፥ ትምህርት ቤት፥ ሆቴል፥ መደብሮች፥ ባንክና ሁለት ጋዜጦች ነበሯት። ነዋሪዋ ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ፤ የመላውን ግዛት ሒሳብ የመመርመር ኀላፊነትም ከመሬት ውስጥ ጢስ ይወጣባት ከነበረችው መንደር ለመጣ ጥቁር ሰው ተሰጠ።

አሁን የቀረው ምድር ባቡር ብቻ ነበር። በዚያ ሰፊ ሜዳ እህሉን ወደ ገበያ የሚያደርሰው ባቡር ስለ ሆነ፥ ሐዲድ የደረሰለት ከተማ ይለመልማል፤ ያልደረሰለት ይጠወልጋል። ነዋሪዎቹም ይህን ዐውቀው በ1887 አንድ የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ወደ ከተማቸው እንዲያመጣ 16,000 ዶላር በቦንድ ለመስጠት በድምፅ ወሰኑ። ኩባንያው ግን አልመጣም። በ1888 ሌላ ኩባንያ፥ ዩኒየን ፓሲፊክ፥ ሐዲዱን ከወንዙ በስተ ደቡብ ዘረጋው፤ በዚያም ቦግ የተባለች ከተማ ተቈረቈረች። የኒቆዲሞስ ነጋዴዎች ዕቃቸውን እየጫኑ ወንዙን ተሻገሩ። ድርቅና ብርድ ያልበተናትን ከተማ በካርታ ላይ የተሰመረ አንድ መሥመር በተናት። በመካከሉ የነበረው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር።

ገበሬዎቹ ግን ርስታቸውን ይዘው ብዙ ዘመን ቈዩ። በ1930ዎቹ ዓመታት ድርቅና የአቧራ ማዕበል ሲበረታ ከእነርሱም ብዙዎቹ ተሰደዱ። በ1950 በከተማይቱ የቀሩት 16 ሰዎች ነበሩ፤ በ1953 ፖስታ ቤቷ ተዘጋ። የ2020 የሕዝብ ቈጠራ 14 ሰዎች መዘገበ።

ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚቈጥረው በዚያ የሚያድረውን ሰው ብቻ ነው። የመሥራቾቹ የልጅ ልጆች፥ ቀድሞ የነጻነት በዓል ይባል የነበረውንና ከመሥራቾቹ ዘመን የተወረሰውን በዓል ለማክበር በየዓመቱ በሐምሌ መጨረሻ ገደማ ከልዩ ልዩ ግዛቶች ይሰበሰባሉ። በ1996 የአሜሪካ ኮንግሬስ ከተማይቱን ብሔራዊ የታሪክ ቦታ አድርጎ ደነገገላት። የቆየው ሆቴል፥ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት፥ ትምህርት ቤቱና የሕዝብ አዳራሹ ዛሬም ቆመው ይጐበኛሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታ ሲዘረጋና ለመንገድ መሥመር ሲሰመርበት፥ ከመሥመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ነጥቦች ሰው ያለባቸው መሆናቸውን ኒቆዲሞስ ታሳስበናለች። የሥራችን ውጤት እኛ ከወንበራችን ከተነሣን በኋላ ለብዙ ትውልድ ይኖራልና፥ መሥመሩን ከማስመራችን በፊት በዚያ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ይገባናል።