ከሱልጣኔት እስከ ሕዳጣንነት፦ የሀዲያና የከምባታ ሙስሊሞች ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም ሾኔ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብዛት ነው። በሀዲያም ሆነ በከምባታ ዛሬ አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ሲሆን ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ ነው። ከዚህ በመነሳት ግን «እስልምና ለዚህ አገር እንግዳ ነው» የሚል አስተያየት እንሰማለን። አንዳንድ ወጣቶቻችንም ከሀዲያነታቸውና ከሙስሊምነታቸው አንዱን እንዲመርጡ የተጠየቁ ያህል ይሰማቸዋል። ታሪኩን ስናገላብጥ የምናገኘው ከዚህ የተለየ ነው።

የሀዲያ ሱልጣኔት

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የደማስቆው ጸሐፊ አል-ዑመሪ በአካባቢያችን ከነበሩት ሰባት የሙስሊም መንግሥታት አንዷ ሀዲያ እንደነበረች መዝግቧል። ሌሎቹ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ ባሌ፣ አረባብኒ፣ ሸርኻና ዳራ ናቸው። የሀዲያ ገዢ 40,000 ፈረሰኛ እንደነበረውም ጽፏል። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ያገቧት ዝነኛዋ ንግሥት እሌኒ የሀዲያ ገራድ ልጅ ነበረች።

ሀዲያ ግን ለክርስቲያኑ ንጉሥ ገባር ነበረች። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የሚተርከው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» የሀዲያ ሰዎች በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ ለንጉሡ እንዲሰጡ፣ እሷም ክርስትና እንድትነሳ ይገደዱ እንደነበር ይናገራል። በ1530ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢማሙ ሠራዊት ሲመጣ የሀዲያ ገዢ በሰላም የተቀበለው ይህን ግዳጅ እያማረረ ነው። ስለዚህ የሀዲያ ሰው «እስልምና የአባቶቼ ነው» ቢል ታሪክ ይደግፈዋል።

ትምህርት ሲቋረጥ

ታዲያ ያ ሕዝብ ምን ሆነ? ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትና እርሱን ተከትሎ ከመጣው ሰፊ የሕዝብ እንቅስቃሴ በኋላ ሀዲያ ከሐረርና ከሌሎች የእውቀት ማዕከላት ጋር የነበረው ግንኙነት ላላ። ቁርኣን የሚያቀራ፣ ፊቅህ የሚያስተምር ዓሊም ጠፋ። እምነቱ ከአካባቢው ልማድ ጋር ተቀላቅሎ ፋንዳኖ የተባለው የሀዲያ ባህላዊ እምነት ሆነ። የሀዲያን ታሪክ ለረጅም ዓመታት ያጠናው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ጾምን የመሳሰሉ ከእስልምና የቀሩ ነገሮች በፋንዳኖ ውስጥ እንደሚገኙ አሳይቷል። ሕዝቡ ጾሙን ያዘ፤ ለምን እንደሚጾም የሚነግረው ግን አልነበረም።

አንድ ቋንቋ፣ ሁለት መንገድ

ከምባታ፣ ጠምባሮ፣ ሀላባና ቀቤና እጅግ የተቀራረበ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች ናቸው። ሀላባና ቀቤና ዛሬ በአብዛኛው ሙስሊም ናቸው፤ ከምባታና ጠምባሮ ደግሞ በአብዛኛው ክርስቲያን። ልዩነቱን ያመጣው ዘር ወይም ቋንቋ ሊሆን አይችልም። ቀቤና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጠነከረ የእስልምና ማዕከል ነበር፤ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሚኒልክን ጦር የተቋቋመው ሐሰን እንጃሞም የተነሳው ከዚያ ነው። በስልጤና በጉራጌ ምድር ያሉት የአልከሶ፣ የቃጥባሬና የአብሬት ማዕከላትም ለአካባቢው ደረሳ ሲያፈሩ ኖረዋል። መሻይኽ በነበሩበት እምነቱ ጸና።

በሆሳዕና አካባቢ የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ደቡብ ገብተው ሆሳዕናን ጨምሮ ጣቢያ ከፈቱ፤ ትምህርትና ሕክምናም ይዘው መጡ። ጣሊያን ሲያስወጣቸው ሥራው አልቆመም። የአገሬው ምእመናን ራሳቸው በገዛ ቋንቋቸው መንደር ለመንደር እየዞሩ አስተማሩ፤ የምእመናኑም ቁጥር በእነዚያ ዓመታት እጅግ ጨመረ። ይህን የምናነሳው ጎረቤቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ሰው የሚከተለው ያስተማረውን፣ በሚገባው ቋንቋ ያናገረውንና በችግሩ የደረሰለትን መሆኑን ልብ እንድንል ነው። ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የወረደው የመጀመሪያው ትእዛዝም «አንብብ» የሚል ነበር።

ዛሬስ?

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ስልጤና ሀላባ በዚሁ ክልል ስለሆኑ ለሥራ ወደ ከተማዋ የሚመጣ ሙስሊም አለ፤ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም አለ። ይህ መልካም ዕድል ነው። ነገር ግን የከተማው ጀመዓ ከሌላ አካባቢ በመጣ ሰው ብቻ ከቆመ «እንግዳ ነው» የሚለው አስተያየት ይበረታል። ከሌሞ፣ ከሶሮ፣ ከሻሾጎ፣ ከባደዋቾ የወጡ፣ በሀዲይሳ ኹጥባውን የሚያብራሩ፣ በከምባቲሳ ልጆችን የሚያስተምሩ ኡስታዞች ያስፈልጉናል። ቋንቋዎቹ በትምህርት ቤት ይሰጣሉ፤ የዲን መጽሐፍ በእነዚህ ቋንቋዎች ማዘጋጀት የእኛ ፋንታ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መብትን በሕግ መጠየቅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ሃይማኖትን በይፋ የመተግበር፣ የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት ይሰጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1207 ደግሞ ለመጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷል። የመስጂድ፣ የመድረሳ ወይም የቀብር ቦታ ጥያቄ ሲኖር በጽሑፍ፣ በመጅሊሱ በኩልና በትዕግሥት መቅረብ አለበት። በቁጥር ያነሰ ማኅበረሰብ ሰነዱን አሟልቶ የመያዝ ልማድ ከሌለው ጥያቄው በቀላሉ ይድበሰበሳል።

ሦስተኛው ጉርብትና ነው። በነዚህ ከተሞች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንትና ኦርቶዶክስ ማግኘት አያስገርምም። በሠርግ ለሙስሊም እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፤ በለቅሶም ሁሉም አብሮ ይቀመጣል። ኢማናችንን አጥብቀን እንያዝ ስንል የዘመድንና የጎረቤትን ሐቅ እንጠብቅ ማለታችንም ነው፤ ይህም ከዲናችን ነው።

ሀዲያ በአንድ ወቅት 40,000 ፈረሰኛ ነበራት፤ ፈረሰኛው እምነቱን ለልጅ ልጅ አላስተላለፈም። ዛሬ በእጃችን ያለው መድረሳ ነው፤ ሥራውን ከዚያ መጀመር ይኖርብናል። ተውፊቁን አላህ ይስጠን።